ምላጭ ያልደረሰበት ቦታ፦ ከወሎ ደጋ የመጡ የአንዲት እናት የጉዳይ ጥናት

የመጡት በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ውርጩ በበረታበት ሰሞን ነው። ዕድሜያቸው 56፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ከደሴ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ገብስና ምስር የሚዘሩ ገበሬ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ከትልቋ ሴት ልጃቸው ጋር በሚኒባስ ተሳፍረው ደሴ፣ እኔ ወደማክምበት ክፍል መጡ። ካርዳቸው ላይ “የማህፀን ማሳከክ፣ 7 ዓመት” ተብሎ ተጽፏል። ማህፀን በሴቶቻችን አነጋገር ከእምብርት በታች ያለው ሁሉ ነውና ቃሉ ብቻውን ብዙ አይነግርም። (ማንነታቸውን ሊያሳብቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።)

“ምን ይሰማዎታል እማማ?”

“ይበላኛል ልጄ። ቀን ሥራ ላይ ሆኜ እረሳዋለሁ፤ ማታ ጎኔን ሳሳርፍ ይነሳብኛል። እስኪደማ ነው የማከው።”

ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። “ሂጂ ውጭ ቡና ጠጪ” ብዬ ላክኋት። ታሪኩ የወጣው እሷ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው።

ሰባት ዓመት

የወር አበባቸው የቆመው በ49 ዓመታቸው ነው፤ ማሳከኩም በዚያው ዓመት ጀመረ። ጎረቤት “ማህፀንሽን ብርድ መቶት ነው” አለ። ብርድ ከተባለ መድኃኒቱ በወሎ የታወቀ ነው፦ የወይባ ጭስ። ጉድጓድ ተምሶ፣ እንጨቱ እንዲጤስ ተደርጎ፣ በጋቢ ተሸፋፍኖ መሞቅ ነው። ሞቁ። የሞቁ ዕለት ቀለል ይላቸዋል፣ በማግስቱ ይብስባቸዋል። የጨው ውሃ ሞከሩ፣ ሎሚ ሞከሩ። ፌጦ ወቅጠው ቢቀቡ ቆዳውን ልጦት ሳምንት ሙሉ መራመድ አቃታቸው። ንጽሕና የጎደላቸው እየመሰላቸውም ለሶላት በተነሱ ቁጥር በሳሙና ይታጠባሉ።

ከዚያ ወደ ሕክምና ሄዱ። ባለፉት ዓመታት የወሰዱትን የለየሁት ልጃቸው በፌስታል ጠቅልላ ካመጣቻቸው ባዶ ማሸጊያዎች ነው፦ ለተሕዋስያን ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን፣ ለፈንገስ ፍሉኮናዞልና በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል፤ በዚያ ላይ መርፌ። ኤችአይቪ ሦስት ጊዜ፣ ቂጥኝ ሁለት ጊዜ ተመርምረው ሁሉም ነጻ ነበር። ከማሸጊያዎቹ መካከል ክሎትሪማዞልና ቤታሜታዞን የተቀላቀሉበት አንድ የቅባት ቱቦ አገኘሁ። “ይቺ ብቻ አንድ አሥር ቀን እንቅልፍ ሰጥታኝ ነበር” አሉ። ያን ሰዓት ነገሬ አላልኩትም። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። የፈንገሱ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ምንም ካልሠራና ስቴሮይድ ሲታከልበት ከሠራ፣ ጉዳዩ ፈንገስ እንዳልሆነ ያቺ ቱቦ እየነገረችን ነበር።

እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ምክንያት አልታዘዙም። የላቦራቶሪ አቅም በሌለበት የአባላዘር በሽታ በምልክቶች ስብስብ ይታከማል፤ ፈሳሽ ያላት ሴት ለሚጠረጠሩት ተሕዋስያን ሁሉ በአንድ ጊዜ መድኃኒት ይሰጣታል፣ የትዳር ጓደኛዋም አብሮ ይታከማል። ይህ አሠራር ብዙ ሴቶችን አድኗል። እሳቸው ግን ፈሳሽ አልነበራቸውም፤ ብጠይቃቸው “እንዲያውም ደርቋል” ነው ያሉኝ። ባልየው ሁለት ጊዜ አብረው ታከሙ። በሦስተኛው ጊዜ “እኔ የትም አልሄድኩም፤ አንቺ ከየት አመጣሽው?” አሉ። መኝታ የተለየው ያን ቀን ነው።

“እከኩን ቻልኩት” አሉኝ። “ይቺን ቃል ግን ወላሂ አልቻልኳትም።”

በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ባለሙያ ጎንበስ ብሎ እንዳያቸው ጠየቅኳቸው።

“ማን ያያል? አፌን ሰምተው ይጽፋሉ እንጂ።”

ሁለቴ ማየት

እኔ አየሁ፤ በማየቴ ግን የምኮራበት ነገር የለኝም። በመጀመሪያው ምርመራ ካርዱ ላይ የጻፍኩት “የግርዛት ጠባሳ፤ ከማረጥ በኋላ የመጣ ድርቀት” የሚል ነው። ቂንጥሩ አይታይም፣ ትንንሾቹ የብልት ከንፈሮች የሉም፣ መግቢያው ጠብቧል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62 በመቶ ያህሉ ተገርዘዋል፤ በእኛ አካባቢ አብዛኞቹ የሚገረዙት በጨቅላነታቸው ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚሠራ ሐኪም ዓይኑ ይለምዳል። የጎደለ ነገር ሲያይ የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋላ።

ቫዝሊን አዝዤ ልሸኛቸው ስል፣ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ በሚመስል ድምፅ፦

“ይሄ እንኳ እንዲህ አልነበረም።”

“እንዴት ማለት እማማ?”

“መገረዙን ተገርዣለሁ፣ እናቴ ነግራኛለች። ከንፈሩ ግን ነበረኝ። የመጨረሻውን ልጄን ወልጄ አዋላጇ ስትሰፋኝ ሁሉ ነበር። ስታጠብ እጄ ያውቀዋል። አሁን እጄ አያገኘውም።”

ያ ልጅ አሁን 15 ዓመቱ ነው። የወሊድ ካርዳቸውን እንዳላይ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከነመዝገቡ ጠፍቷል። የቀረን ማስረጃ ለሶላት ሲሉ ዕድሜ ልካቸውን የታጠቡበት እጅ ብቻ ነው። እንደገና አስተኛኋቸው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ባትሪ እያበራሁ፣ በዚህኛው ዙር ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ኋላ አየሁ።

ቆዳው ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ተጨማዷል። የሕክምና መጻሕፍት እንደ ሲጋራ ወረቀት ይሉታል፤ ለእኛ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ይቀርበናል። ንጣቱ ብልቱን ከብቦ፣ በመሐል ጠበብ ብሎ፣ ፊንጢጣውን ደግሞ ይከባል፤ 8 ቁጥርን ይመስላል። እዚህም እዚያም ከቆዳው ሥር ደም የቋጠሩ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች አሉ። በታችኛው መጋጠሚያ ላይ የምላጭ ጭረት የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ሽንት ሲነካው የሚያንገበግባቸው እሱ ነው። ትንንሾቹ ከንፈሮች አልተቆረጡም። ቀስ በቀስ ሟምተው ከትልልቆቹ ጋር ተጣብቀዋል፤ የተጣበቁበት መስመር በደንብ ሲታይ ይለያል። የውስጡ ግድግዳ ከዕድሜ መሳሳት በቀር ጤነኛ ነው። እብጠትም ሆነ የጠነከረ ቁስል አላገኘሁም።

የገራዥ ምላጭ ፊንጢጣ ዙሪያ አይደርስም። ግርዛት አንድ ቀን ተፈጽሞ ያበቃ ጉዳት ነው፤ በ50 ዓመት ተነስቶ ሌሊት ሌሊት አያሳክክም፣ ያልተቆረጠ ከንፈርም አያሟሟም። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ እሳቸው ላይ ተገናኝተዋል። ይህ በሽታ ቀድሞ በተጎዳ ቆዳ ላይ መውጣትም ልማዱ ነው።

ስሙ ላይከን ስክሌሮሰስ ይባላል። ሰውነት የገዛ ቆዳውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በብግነት የሚያጠቃበት፣ ቆዳውን እያሳሳና እያደረቀ ጠባሳ የሚያደርግ ሥር የሰደደ በሽታ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሃሎፖ በ1887 እ.ኤ.አ. ከገለጸው ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። በብዛት የሚታየው ያረጡ ሴቶችና የወር አበባ ያላዩ ሴት ሕፃናት ላይ ነው፤ ሕፃናቱ ማሳከኩን መናገር ሳይችሉ ቀርተው በሆድ ድርቀት ብቻ ሊመጡ ይችላሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በግብረ ሥጋም፣ በልብስም፣ በሽንት ቤትም አይመጣም። ይህን ዐረፍተ ነገር ለባልየው ለብቻቸው ጠርቼ መናገር ነበረብኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሚመስሉትን አንድ በአንድ አስወገድኩ። ለምጽ ነጭ ያደርጋል እንጂ አያሳክክም፤ ቆዳውም ከቀለሙ በቀር እንደነበረ ነው። ፈንገስ ያቀላል፣ ያረጥባል። ከማከክ ብዛት የሚመጣው የቆዳ መወፈር እንደ ስሙ ያወፍራል፣ ይሄ ግን ስስ ነው። ላይከን ፕላነስ የሚባለው ዘመዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ አፍንም አይምርም፤ አፋቸውን ከፍተው አየሁ፣ ንጹሕ ነው። በሽታው ከታይሮይድ ሕመም ጋር አብሮ ሊሄድ ስለሚችልና እንደ ብዙ የደጋ እናቶች አንገታቸው ላይ እንቅርት ስላለ የታይሮይድ ሆርሞን አስለካሁ። ውጤቱ ደህና ሆነ።

ቦሩ ሜዳ የሚለው ስም

ናሙና መውሰድ ፈለግሁ። መልኩ እንዲህ ግልጽ ከሆነ ያለ ናሙናም ሕክምና መጀመር ይቻላል፤ ስንጥቁ ግን ለወራት አልዳነም፣ ካንሰርም መወገድ አለበት። “ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ልላክዎት” ስላቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

“ቦሩ ሜዳ? ቁምጥና ነው በይኛ!”

የታሪክ ተማሪ ቦሩ ሜዳ ሲባል አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1878 እ.ኤ.አ. የጠሩትን ጉባኤ ያስባል። የወሎ ገበሬ የሚያስበው ግን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረውን ሆስፒታል ነው። ዛሬ ያ ሆስፒታል ሌላውንም ሁሉ ያክማል፤ ስሙ ግን በሰው ልብ ውስጥ የድሮውን ፍርሃት እንደያዘ አለ። “አብሽሩ እማማ” አልኳቸው። “የሥጋ ደዌ ንጣት ስሜት ይገድላል፤ መርፌ ቢወጉት አያውቅም። የእርስዎ ግን ይበላዎታል፣ ያቃጥልዎታል።” አመኑኝ። ለመሄድ ግን እሺ አላሉም። አላስገደድኳቸውም። የቆዳ ሐኪም በስልክ አማክሬ፣ በሊዶካይን አደንዝዤ፣ ከስንጥቁ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናሙና እዚያው ወሰድኩ።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፦ የሳሳ የላይ ቆዳ፣ ከሥሩ መልኩን አጥቶ አንድ ወጥ የሆነ የኮላጅን (የቆዳ ማያያዣ ጭረት) ንጣፍ፣ ከዚያ በታች የተሰለፉ ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች)፤ የላይከን ስክሌሮሰስ መልክ ነው። ካንሰርም፣ ቅድመ ካንሰርም የለም።

ቱቦዋና የተቋረጠው ሕክምና

ውጤቱን ሳልጠብቅ ሕክምናውን በመጀመሪያው ቀን አዝዤ ነበር፦ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ 0.05 በመቶ፣ በቅባት መልክ። ክሬሙ ውስጥ ያሉ ማቆያዎች የተሰነጠቀ ቆዳን ስለሚያቃጥሉ ቅባቱ ይሻላል። ለ4 ሳምንት በየማታው፣ ቀጥሎ ለ4 ሳምንት አንድ ማታ እያለፉ፣ ቀጥሎ ለ4 ሳምንት በሳምንት ሁለት ማታ። ሲደመር 50 ማታ ነው። መጠኑ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚወጣው፣ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ 25 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ባለ 30 ግራም አንድ ቱቦ ሦስት ወር ይበቃል። ቱቦው በወር ካለቀ እየበዛ ነው፤ በስድስት ወርም ካላለቀ እየተቀባ አይደለም። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጨውና ፌጦ አቁመው በውሃ ብቻ እንዲታጠቡ፣ ሳያሹ እንዲያደርቁ፣ ከሽንት በፊትና በኋላ ቫዝሊን እንዲቀቡ ነገርኳቸው። ጭሱን ማስተው ከበደኝ። ወሎ ውስጥ ጭስ ገላ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤት ጨዋታም ነው። ለጊዜው ይታገሱ ብዬ ተውኩት።

በአራተኛው ሳምንት ሲመለሱ ምንም ለውጥ አልነበረም። ቱቦዋን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡልኝ፤ እንደሞላች ነበረች። ዘጠኝ ማታ ብቻ ተቀብተዋል። ቱቦዋን ስትገዛ የመድኃኒት መደብሩ ሰው ልጃቸውን “ይሄ ኃይለኛ ነው፣ እዚያ ቦታ አይቀባም” ብሏታል። እሷም ቤት ገብታ በውስጡ ያለውን ወረቀት ብታነብ ፊትና ብሽሽት ላይ አይቀባ ይላል። በዚያ ላይ ይህንኑ ቅባት ለማቅላት ሲሉ ፊታቸው ላይ ለወራት ቀብተው ፊታቸው የተበላሸ ሴቶችን ታውቃለች። እናቷን ለማዳን ብላ አስቆመቻት።

ጥፋቱ የእሷም የባለመደብሩም አይደለም። ወረቀቱ እንደዚያ እንደሚል አውቄ አስቀድሜ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሁለቱንም አስቀምጬ አስረዳሁ፦ ጤነኛ ቆዳን እንዲህ ያለ ስቴሮይድ ያሳሳዋል፤ እዚህ ግን ቆዳውን የሚያሳሳው በሽታው ራሱ ነው፣ መድኃኒቱ የሚያበርደው ያንን ነው። ከዚያ ትንሽ መስታወት አመጣሁ። የራሳቸውን ገላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ዝም ብለው ቆዩ።

“ይቺ ናት ሰባት ዓመት ያስለቀሰችኝ?”

ነጩን በጣቴ እያሳየሁ “እዚህ፣ እዚህ፣ እስከ ኋላ ድረስ” አልኩ። በቫዝሊን እሳቸው ራሳቸው አሳዩኝ፤ የኋላውን ረስተውት ነበር፣ ደገሙት። ማንበብ ስለማይችሉ ቀጠሮውን ከሚያውቁት ጋር አሰርነው፦ የመጀመሪያው ወር ከኢሻ ሶላት በኋላ በየማታው፤ ሁለተኛውን ልጅቷ ትቆጥራለች፤ ሦስተኛው ወር የጁምዓ ማታና የገበያ ቀን ማታ። ረመዳን መሐል ላይ እንደሚገባ አስልተው “ጾሜን አያፈርስም?” አሉ። የሚቀባው ማታ ነው ስላቸው ተረጋጉ።

ባልየው

ለሁለተኛው ወር ቀጠሮ አብረው መጡ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በሽታው እንደማይጋባ፣ እሳቸውም ሚስታቸውም ምንም እንዳላመጡ፣ በጾታ ግንኙነት ጊዜ ያለው ሕመም ከስንጥቁና ከጠባሳው እንደሆነ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ወለሉን ሲያዩ ቆይተው፦

“ታዲያ ያ ሁሉ መርፌ ለምን ነበር?”

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ

በትክክል መቀባት በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሳይነቁ አደሩ። በሦስት ወር ስንጥቁ ገጠመ፣ የደም ነጠብጣቦቹ ጠፉ፣ ቆዳው ለሰለሰ። ንጣቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሟሙት ከንፈሮች እንደማይመለሱ ስነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ፤ “እኔ እንቅልፌን ነው የፈለግኩት፣ አልሀምዱሊላህ” አሉ። መግቢያው በትንሹ ላላ፤ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት የሆናት ሴት ብትሆን ኖሮ ግን በሰባት ዓመት መዘግየት የጠፋው ነገር በእጅ ውንጨፋ የሚታለፍ አይሆንም ነበር።

“እስከ መቼ ነው የምቀባው?” ላሉት መልሱ ዕድሜ ልክ ነው፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ። ማሳከኩ ሲጠፋ ማቆም ይህን በሽታ የሚያክሙ ሁሉ የሚያውቁት ወጥመድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 507 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። እንደታዘዙት ከቀጠሉት 357 አንዷም ካንሰር ወይም ቅድመ ካንሰር አልያዛትም፤ ሲያሻቸው ከተቀቡት 150 ግን 7ቱን ይዟቸዋል። ጠባሳው የገፋባቸውም ከመጀመሪያዎቹ 3.4 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 40 በመቶ ናቸው። ቁጥሩን ለእናትየዋ በባቄላ ቆጥሬ አሳየኋቸው። የማይድን ቁስል፣ እብጠት ወይም የደነደነ ቦታ እጃቸው ካገኘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ ነገርኳቸው። ያ እጅ እንደሚያገኘው አልጠራጠርም።

በክረምቱ አንድ ጊዜ ተቋርጧል። መንገድ ተዘግቶ ቱቦው አለቀ፣ በአቅራቢያቸው ያሉ መደብሮችም አልነበራቸውም፣ በስድስተኛው ሳምንት ማሳከኩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቱቦ በአንድ ጊዜ እጽፍላቸዋለሁ። የጤና መድን ደብተር ቢኖራቸውም ቅባቱ ብዙ ጊዜ በተቋሙ ስለማይገኝ ከኪሳቸው ይገዛሉ፤ ገብስ ሸጠው።

ባለፈው ቀጠሮ ብቻቸውን አልመጡም። አንዲት ጎረቤታቸውን በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ሴትየዋ አፍረው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል።

“እሷንም ይበላታል። እንደኔው ቅባት አምጭልኝ ብላ ገንዘብ ልትልክ ነበር፤ እምቢ አልኳት። መጀመሪያ እያት።”

አየኋቸው። ነጭ ቆዳ አልነበረም። የቀላ፣ የረጠበ፣ የተቋጠረ እርጎ የመሰለ ፈሳሽ ያለበት ፈንገስ ነው። በባዶ ሆዳቸው የተለካው የደም ስኳር 212 ሆነ፤ ከፍተኛ ነው፣ ፈንገስንም የሚጋብዝ።